ነጭ ዮሐኒስቤረ፦ አበባው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት። ከመግረዙ ነው ወይስ ከሌላ?

ቀጋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት አጠገብ ባለ ክላይንጋርተን (የሚከራይ የአትክልት ቦታ) ውስጥ ስላሉ ሦስት የነጭ ዮሐኒስቤረ ቁጥቋጦዎች ነው የምጠይቀው። እንግሊዝና አሜሪካ ያላችሁ ነጭ ከረንት የምትሉት ማለት ነው። ዝርያው ቫይሰ ፈርሳይለር ነው፤ ከተተከለ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ በየመካከሉ 1.5 ሜትር ርቀት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። አፈሩ ዋልካ መሰል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ፒኤቹ 6.8 ነው።

ኤፕሪል ላይ አበባው ቅርንጫፉን ይሸፍነዋል፤ ሜይ አጋማሽ ላይ ግን አብዛኛው መሬት ላይ ነው። ሃያ ገደማ አበባ የነበረው ዘለላ አምስት ስድስት ፍሬ ይዞ ይቀራል። የላይኞቹ ቅጠሎች ደግሞ እንደ እባጭ እያበጡ ቀይ ቡኒ ሆነዋል። ከቀረው ፍሬም በምዕራብ በኩል ያለው ሐምሌ ሲገባ የተቀቀለ መስሎ ቡኒ ሆኗል።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ጎኑ ላለው ጥቁር ዮሐኒስቤረ በሚሠራው መመሪያ መሠረት ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ቅርንጫፍ ሁሉ ከመሬት ተቆርጧል። ማርች ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሁለት እፍኝ ሰማያዊ ድብልቅ ማዳበሪያ ይገባል። ስህተቱ የት ላይ ነው? በተጨማሪም ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ አጥር ባዶውን ቆሟል፤ እሱን ተከትሎ መትከል ይቻላል? መጨረሻ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላለ ጓሮ ቁራጭ መውሰድ ያዋጣል?


ኮሽም

እህቴ ቀጋ፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ነጩን እንደ ጥቁሩ መግረዝ ማለት የሚያፈራውን እንጨት ጠርጎ ማውጣት ነው። ዘመዳሞች ቢሆኑም የሚያፈሩበት ቦታ አይገጥምም። ጥቁሩ ባለፈው ዓመት ባደገው ረጅም ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ አሮጌውን ከሥሩ መቁረጥ ይስማማዋል። ነጩና ቀዩ ግን አንድ ተክል ናቸው፤ ነጩ ቀለም የጎደለው ቀይ ነው። እነሱ የሚያፈሩት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት በሞላው እንጨት ላይ በሚወጡ አጫጭር የጎን ቅርንጫፎች ነው።

መቀስ ከማንሳትሽ በፊት አንዱን ቅርንጫፍ ከጫፉ እስከ ሥሩ በዓይንሽ ተከተዪው። ጫፉ ላይ ያለው የዘንድሮ እድገት ለስላሳ፣ ቀለሙ ፈዛዛ ቡኒ፣ የጎን ቅርንጫፍ የሌለው ነው። ወደ ታች ስትወርጂ እንደ ቀለበት የሆነ ሽብሽብ ታገኛለሽ፤ አንዱ ዓመት አልቆ ሌላው የጀመረበት ምልክት እሱ ነው። በዚያ ቀለበት ዙሪያ ድቡልቡል ያሉ ዓይኖች እንደ ዶቃ ተጠጋግተው ይታያሉ። አበባ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ቀጠን፣ ሾል ብሎ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈው ዓይን ግን ቅጠል ነው የሚያወጣው። ቀለበቶቹን ቆጥረሽ የቅርንጫፉን ዕድሜ ማወቅ ትችያለሽ። ቅርፊቱም ይናገራል፦ ሁለትና ሦስት ዓመት የሞላው ግራጫ ነው፤ ከአራት ያለፈው ጠቁሮ ይላላጣል፣ ሽበትም ያወጣል።

ግባችን ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ዋና ቅርንጫፍ ያለው፣ ዕድሜው የተሰባጠረ ቁጥቋጦ ነው፤ ከአንድ ዓመቱ ሦስት፣ ከሁለት ዓመቱ ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ አራት ዓመቱ። ቁጥቋጦው እዚያ ከደረሰ በኋላ ሥራው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። አሮጌዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ከመሬት ትቆርጫለሽ፤ በምትካቸው ከሥር ከወጡት አዲሶች ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትተሽ ሌላውን ሁሉ ታስወግጃለሽ። መሃሉ ክፍት ይሁን፤ እርስ በርሱ የሚፋተገውም ይውጣ።

አሁን ግን አሮጌ ስለሌለሽ ዘንድሮ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ሁለት ዓመት የሞላውን አንዱንም አትንኪ። በመጪው ፌብሩዋሪ ከአዲሶቹ አራቱን ጠንካሮች ትተሽ ቀጫጭኑን ከሥር አውጪ፤ በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ሌላ ሦስት ጨምሪ። ከመሬት መቁረጥ የምትጀምሪው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሙሉ ፍሬም የሚመለሰው ያኔ ነው። የጤነኛ ቅርንጫፍ ጫፍ አይቆረጥም፤ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ደካማ ከሆነ ብቻ ሲሶውን አሳጥሪው፣ ይጠነክራል።

የሚቆረጥበት ጊዜ ወይ ፍሬው እንደተለቀመ ነው ወይ ፌብሩዋሪ ላይ፤ ሁለቱም ጊዜ ደረቅ ቀን ምረጪ። ዝናብ ላይ የተቆረጠ እንጨት ሻጋታ ይገባበታል። ጉቶ ተርፎ ከቀረም እንጨቱ እየሞተ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ላዩ ላይ እንደ መርፌ ጭንቅላት ያሉ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ካየሽ ያ በሽታ ገብቷል ማለት ነው። ውስጡ ነጭና እርጥብ የሆነ ጤነኛ እንጨት እስክታገኚ ወደ ታች ቁረጪ፤ የተቆረጠውን ከግቢ አውጪ፤ መቀሱንም በአልኮል ጥረጊ።


ዶቅማ

ኮሽም ያለው ልክ ነው፤ ግን መግረዝ የፍሬውን ብዛት ያሳንሳል እንጂ የወጣውን አበባ አያረግፍም። ሃያ አበባ ወጥቶ አምስት ከቀረ ሌላ ምክንያት አለ፤ የትኛው እንደሆነም ዘለላው ራሱ ያሳያል።

የዚህ ተክል አበባ በአንድ ቀን አይከፈትም። ከቅርንጫፉ ጋር ከተያያዘው ጫፍ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ተንጠለጠለው ጫፍ ይወርዳል። ስለዚህ ዘለላውን ይያዙና ባዶው የት እንደሆነ ይመልከቱ። ላይኛው በኩል፣ ከቅርንጫፉ አጠገብ ባዶ ከሆነ ቀድሞ የተከፈተውን ውርጭ መትቶታል። የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። በማግስቱ አንዱን አበባ በጥፍር ከፍተው መሃሉን ቢያዩት ጠቁሮ ያገኙታል፤ ዳሩ ደህና ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ይረግፋል። ታችኛው፣ የተንጠለጠለው ጫፍ ባዶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የውሃ ወይም የንብ ነው። ተክሉ ውሃ ሲያጥረው መጨረሻ የተከፈቱትን ነው አስቀድሞ የሚጥለው።

ለውርጭ፦ አበባው ከተከፈተ በኋላ ብርድ የሚተነበይበት ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጥቋጦውን ፍሊስ በሚባለው ስስ ነጭ የአትክልት መሸፈኛ ጨርቅ እስከ መሬት ይሸፍኑት። በካሬ ሜትር 30 ግራም የሚመዝነው አንድ እጥፍ ይበቃል፤ 17 ግራሙ ከሆነ ሁለት እጥፍ ያድርጉት። ጠዋት መነሳት አለበት፤ አለዚያ ንቡ አይገባም። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ በአበባ ጊዜ ከሥሩ ወፍራም ገለባ ወይም የተቆራረጠ ሣር ካለ የአፈሩ ሙቀት ወደ ላይ አይወጣም፤ ውርጩም ይበረታል። ስለዚህ ጉዝጓዙን ከአበባ በኋላ፣ ሜይ አጋማሽ ላይ ያልብሱት።

ለውሃው፦ ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ አብዛኛው ላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ነው። የሚሰነጠቅ አፈር ሲሰነጠቅ እነዚያን ቀጫጭን ሥሮች ይበጥሳቸዋል። ከአበባ እስከ ለቀማ ዝናብ በጠፋበት ሳምንት ሁሉ ለአንድ ቁጥቋጦ 20 ሊትር ውሃ በዝግታ፣ በሁለት ጊዜ ይስጡት። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት ያልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካው። በአካፋ መገልበጥ ይቅር፤ አረሙ በእጅ ይነቀል ወይም ላይ ላዩን፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ ይኮትኮት።

ለንቡ፦ ተክሉ ብቻውን ያፈራል፤ ሌላ ዝርያ አጠገቡ ሲኖር ግን ዘለላው ይሞላል፣ ፍሬውም ይተልቃል። ሦስቱም አንድ ዝርያ ናቸው ብለዋል። ከአንድ እናት በቁራጭ የመጣ ዝርያ ሁሉ አንድ ተክል ማለት ስለሆነ እርስ በርሱ መዳቀሉ ለውጥ የለውም። ቀይ ዮሐኒስቤረ ቢጨምሩ ነጩን ያዳቅላል፤ ከነጭ መቆየት ከፈለጉ ብላንካን ይትከሉ። ስሎቫኪያ ውስጥ ቦይኒሴ የተዳቀለች፣ ዘግይታ የምትበስልና ብዙ የምታፈራ ናት።

ማዳበሪያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ተክሎች ክሎራይድ አይወዱም። የቅጠሉ ዳር ከጫፍ እየተቃጠለ የሚመጣ ከሆነ የማዳበሪያው ከረጢት ጀርባ ላይ ፖታሲየሙ በምን መልክ እንደገባ ያንብቡ፤ ክሎራይድ ከሆነ ይተውት፣ ሰልፌት የሆነውን ይግዙ። ፓተንትካሊ የሚባለው 30 በመቶ ፖታሽና 10 በመቶ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ያለው ሰልፌት ነው፤ ማርች ላይ በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃል። ለናይትሮጅኑ የቀንድ ስብርባሪ፣ ሆርንሽፔነ የሚሉት፣ 60 ግራም ገደማ ይበትኑ። ሁለት እፍኝ ድብልቅ ማዳበሪያ በዝቷል፤ ቅርንጫፉን ያለሰልሰውና ነፍሳት ይጠራል።


አጋም

የቅጠሉን ልመልስ። ያበጠውን ቅጠል ገልብጪው። ከእብጠቱ ሥር ጎድጓዳው ውስጥ ፈዛዛ ቢጫ፣ የሰሊጥ ፍሬን የማያክሉ ነፍሳት ተኮልኩለው ታያለሽ። የዮሐኒስቤረ ክሽክሽ ናቸው። የቅጠሉን ጭማቂ ሲመጡ የሚተፉት ምራቅ ነው ቅጠሉን የሚያሳብጠው። ያስደነግጣል፣ ጉዳቱ ግን ከመልኩ ያንሳል፤ ፍሬውን አይነካም፣ ቁጥቋጦውንም አይገድልም። ጁን መጨረሻ ላይ ክንፍ አውጥተው ወደ አረም ይሄዳሉ፤ አሁን ሐምሌ ላይ ብትገልብጪው ባዶ ቅጠል ልታገኚ ትችያለሽ። እብጠቱ ግን ቅጠሉ እስኪረግፍ ይኖራል፤ ስለዚህ አሁን መድኃኒት መርጨት የሌለ ጠላት መውጋት ነው።

ሳሙና ውሃ የሚመክሩሽ ይኖራሉ፤ ቅጠሉ ካበጠ በኋላ ነፍሳቱ ጎድጓዳው ውስጥ ስለተጠለሉ አይደርሳቸውም። ጊዜው ሌላ ነው። መከር ላይ ተመልሰው የሚያብረቀርቁ ጥቁር እንቁላሎች ከዓይኖቹ አጠገብ ይጥላሉ። ማርች ላይ ዓይኑ አብጦ የአረንጓዴው ጫፍ ብቅ ሲል ለዚሁ ሥራ የሚሸጠውን የራፕስ (የጎመን ዘር) ዘይት መርጪያ ቅርንጫፉ እስኪንጠባጠብ እርጪ፤ እንቁላሉን አፍኖ ይገድላል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ያለው ነው። ቅጠል ከወጣ በኋላ ዘይት አይረጭም። ኤፕሪል ላይ ቅጠሉ ገና ሳይጠቀለል የውስጥ በኩሉን በውሃ ጎማ ማጠብ ብቻውን ብዙ ይቀንሳቸዋል። ናይትሮጅኑን ቀንሺ የሚለውን የዶቅማን ምክርም ያዢ፤ ክሽክሽ ለስላሳ ቅጠል ነው የሚመርጠው።

ከክሽክሹ በላይ የምፈራልሽ ሌላ ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲያድግ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ትል አለ። እናቲቱ እንቁላሏን ከቅጠሉ ሥር፣ በደም ሥሩ ላይ እንደ ክር ሰካክታ ትጥላለች፤ ቦታውም ሁልጊዜ የቁጥቋጦው ታችና መሃል ነው። ሰው ላይ ላዩን ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን ሲመጣ የቅጠሉ አጽም ብቻ ቀርቶ ያገኛል። ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ተንበርክከሽ መሃሉን ክፈቺ፤ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቅጠል ካገኘሽ ቅጠሉን ከነትሉ ቁረጪው። በዓመት እስከ ሦስት ትውልድ ስለሚፈለፈል ጁንና ኦገስት ላይም ድገሚው። አንድ በጋ ቅጠል አልባ የሆነ ቁጥቋጦ የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ ነው የሚከፍለው።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን፣ ሌላው ለምልሞ ሳለ፣ ሜይ ላይ ቢጠወልግ ደግሞ ቁረጪና ውስጡን እዪ። መሃሉ ጠቁሮ እንደ ሸምበቆ ክፍት ከሆነ የእሳት እራት ትል ገብቶበታል። እስከ ጤነኛው እንጨት ቁረጪና አቃጥዪው ወይም በቆሻሻ አስወግጂው፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።


ሾላ

የአጥሩ ጥያቄ ደስ ይላል፤ እዚህ አገር ጓሮ ጠባብ ነውና ነጩን ለማልማት እኔ የምመርጠው መንገድም ይኸው ነው። ዘለላው ይረዝማል፣ አየር ያገኛል፣ መረብ ለማልበስም ይቀላል።

ባለ ሦስት ግንድ አድርጊው። ግንዶቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይቆማሉ፤ ተክል ከተክል 1 ሜትር፤ የዳሩ ከአጥሩ ጫፍ ግማሽ ሜትር። በ6 ሜትር ላይ ስድስት ተክል ይበቃል። ባለ አንድ ግንድ ብትፈልጊ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አስራ አምስት ያስፈልግሻል፤ ወጪው ይበዛል። ከአጥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ራቂ፤ አለዚያ ዝናቡን አጥሩ ይከለክላል፣ የጀርባውንም ፍሬ መልቀም አይቻልም። በዚንክ የተለበጠ ሽቦ ከመሬት በ50፣ በ100 እና በ150 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ወጥሪ፤ በየግንዱ የቀርከሃ ዘንግ አቁሚ።

ተከላው ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ፣ ሥሩ ባዶ የሆነ ችግኝ ይሁን፤ ከድስት ችግኝ ይረክሳል፣ ቶሎም ይይዛል። ጉድጓዱ ከሥሩ እጥፍ ይስፋ፤ የግርጌውን አፈር በሹካ ሰብሪው፣ ዋልካ ከሆነ ውሃ ያቁራልና። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ በነበረበት ጥልቀት ይተከል። አስር ሊትር ውሃ ከተከልሽ በኋላ፣ ዝናብ ቢኖርም።

በመጀመሪያው ፌብሩዋሪ ሦስት ጠንካራ ግንድ ምረጪና ሌላውን ከሥር አውጪ። ሦስቱን ቀጥ አድርገሽ እሰሪ፤ ገመዱ እንደ ስምንት ቁጥር ተጠማዞ ይታሰር እንጂ ግንዱን አይነቅ። ከዚያ በኋላ የጎን ቅርንጫፍ የወጣውን ሁሉ በበጋ አምስት ቅጠል አስቀርተሽ ቁረጪ፤ በፌብሩዋሪ ያንኑ ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓይን፣ ማለትም ወደ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አሳጥሪው። እነዚያ አጫጭር ጉጦች ናቸው በየዓመቱ የሚያፈሩት። የመጨረሻው ሽቦ ጋ ሲደርስ ዋናውን ጫፍም እንደ ጎኑ ቁረጪ። ከመሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ምንም እንዳይበቅል። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ አንዱ ግንድ ሲደክም ከሥር አንድ አዲስ ትተሽ ትተኪዋለሽ።

ለክላይንጋርተን ተከራዮች በሙሉ፦ ቢያንስ የመሬቱ ሲሶ ለአትክልትና ፍራፍሬ መዋል አለበት የሚለውን ደንብ ይህ አጥር ይረዳዋል፤ የቤሪ ቁጥቋጦ ይቆጠራልና።


ዶቅማ

ሾላ፣ አንድ እርማት ላቅርብ። የበጋው መግረዝ ለነጩ ከለቀማ በኋላ ይሁን። ለቀዩ ከለቀማ በፊትም ቢሆን ብዙ አይጎዳም፤ ነጩን ግን ጁን መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ብናነሳበት ጥላ የነበረው ዘለላ ድንገት ለፀሐይ ይጋለጣል። ቀጋ በምዕራብ በኩል ተቀቅሏል ያሉት ይኸው ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ነው ያቃጠለው፤ በሽታ አይደለም። ፍሬው ቀለም ስለሌለው መከላከያ የለውም። መጀመሪያ ቆዳው ይፈዝዛል፣ ከዚያ ቡኒ ሆኖ ይጨማደዳል። ክሽክሹ ቅጠሉን ማኮማተሩና መግረዙ ቁጥቋጦውን ማሳሳቱ አባብሶት ይሆናል።

ሙቀት ሲመጣ በምዕራቡ በኩል 30 ወይም 40 በመቶ ጥላ የሚሰጥ መረብ በሁለት ዘንግ ይስቀሉ፤ ቁጥቋጦውን አያልብሱት፣ አየር ያስፈልገዋል። ጠዋት ያጠጡ። የአጥሩን መስመር ሲያቅዱም ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ምሥራቅ ፊት ካለዎት እሱን ይምረጡ፤ ነጩ ግማሽ ቀን ጥላ ይችላል፣ ጣፋጭነቱ ትንሽ ቢቀንስም።


ቀጋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘለላዎቹን አየሁ፤ ባዶው የተንጠለጠለው ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ውሃና ንብ ነው ማለት ነው። የማዳበሪያው ከረጢትም ክሎራይድ ይላል። ብላንካን ኦክቶበር ላይ እጨምራለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ነጭ ስለሆነ መብሰሉ በምን ይታወቃል? የቀድሞውን ዝርያ ከራሱ በቁራጭ ማባዛት ይቻላል? የደብረ ብርሃኑንም የመለሰ የለም።


ሾላ

መብሰሉን በቀለም መለየት የሚቻለው ብርሃን ላይ ሲያዩት ነው። ዘለላውን ወደ ፀሐይ አንሺው፦ ያልበሰለው አረንጓዴነት ይቀረዋል፣ ውስጡም ደብዛዛ ነው። የበሰለው እንደ ሻማ ሰም ቢጫማ ሆኖ ያሳልፋል፤ ከላይ ወደ ታች የወረዱት ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፣ ፍሬው መሃል ያሉት ዘሮች እንኳ ይቆጠራሉ። ቅመሺ፤ መቅመስ ያለብሽ ግን መጨረሻ የምትበስለውን፣ የዘለላውን ጫፍ ነው። የበሰለ ከመሰለሽ በኋላ አንድ ሳምንት ብትታገሺው ስኳሩ ይጨምራል፤ በመረብ መሸፈን ግን ይኖርበታል፣ ወፏ ነጩን እንደ ቀዩ ባትሻማም አትተውም።

ጀርመኖች ዮሐኒስቤረ ያሉት በእነሱ ጁን 24 በሚውለው በቅዱስ ዮሐንስ ልደት አካባቢ መብሰል ስለሚጀምር ነው። ለነጩ ግን የእኛ ሰኔ 30 ይበልጥ ይገጥመዋል፤ ያው ልደቱ በእኛ አቆጣጠር ጁላይ 7 ላይ ይውላል፣ ፈርሳይለርም በዚህ አካባቢ የሚደርሰው በዚያ ሳምንት ነው። ሰኔ 30ን ምልክት አድርጊና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅመሺ።

ፍሬውን አንድ በአንድ አትልቀሚ፤ ቆዳው ይቀደዳል። ዘለላውን ከነእንጨቱ በጥፍርሽ ቆንጥጪ፤ ቤት ገብቶ በሹካ ጥርስ መሃል ስትስቢው ፍሬው ይራገፋል። ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ልቀሚ። ሳይታጠብ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ለማቀዝቀዝ ከሆነ ዘለላውን በትሪ ላይ ዘርግተሽ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዢው፤ ከዚያ በኋላ ሲነቀነቅ ከእንጨቱ ይለቃል።

ማርማላታ ለምትሠሩ፦ በተፈጥሮው ፔክቲን ስለሞላው ማርጊያ አይጨመርበትም። ለአንድ ሊትር የተጣራ ጭማቂ 800 ግራም ስኳር፤ ብርቱ እሳት ላይ፣ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ሲል እስኪረጋ። ከለቀማሽው ውስጥ ጥቂት ያልበሰለ ብትቀላቅዪበት ይበልጥ ይረጋል። ፈረንሳይ ውስጥ ባር-ለ-ዱክ በምትባል ከተማ የነጩንና የቀዩን ዘር አንድ በአንድ በዝይ ላባ እያወጡ፣ ፍሬው ሳይፈርስ የሚሠሩት ማርማላታ አለ፤ ስሙ በጽሑፍ ከተመዘገበ ከ1344 ጀምሮ ነው። ጭማቂው መስተዋት የመሰለ ነው። ያን ትዕግሥት ለሚያወጣ ሰው ነጩ ይገባዋል።


ኮሽም

ቁራጩ እጅግ ቀላል ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ ዘንድሮ ካደገው ቅርንጫፍ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ምረጪ፤ የለሰለሰውን ጫፍ ጥለሽ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ። ታችኛው ከዓይን ሥር ቀጥ ብሎ፣ ላይኛው ከዓይን በላይ አዘቅዝቆ ይቆረጥ፤ በኋላ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ እንዳይምታታ። ከመሬት ብዙ ግንድ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ከፈለግሽ ዓይኖቹን ሁሉ ተያቸው። ለአጥሩ ባለ አጭር እግር ከፈለግሽ ግን ከላይ አራቱን ብቻ አስቀርተሽ የታቹን በጥፍር አንሺ። ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይግባ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት። ዋልካ ስለሆነ ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ጣት አሸዋ አፍሺበት፤ ሥር የሚያወጣው እዚያ ነው፣ ውሃም አይቆምበትም። በውርጭ ከተገፋ ማርች ላይ በእግርሽ መልሰሽ ርገጪው። በሚቀጥለው መከር ለመተከል ይደርሳል።

ቁራጩን የምትወስጂው ግን ጥሩ ካፈራ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ ሞልተውላቸው አንዱ ብቻ ዓመት በዓመት አበባ የሚጥል፣ ቅጠሉም ቅርጹን የቀየረ ከሆነ ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል፤ ቫይረሱ በቁራጩ ይተላለፋል። ሐምሌ ላይ፣ ፍሬው ላዩ ሳለ፣ ምርጡን በክር ምልክት አድርጊበት።

ወደ ደብረ ብርሃን ግን አልመክርሽም። ዮሐኒስቤረ ዓይኑ እንዲነቃ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ባለ ብርድ ውስጥ ረጅም እንቅልፍ መተኛት አለበት፤ አብዛኛው ዝርያ ከ800 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ብርዳም ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አመዳይም ይጥላል፤ ቀኑ ግን ፀሐይ ነው፣ ሙቀቱም ሌሊቱ ያጠራቀመውን ያጠፋዋል። ቀኑም እንደ አውሮፓ መከር አያጥርም፤ ተክሉ እድገቱን አቁሞ እንዲተኛ ምልክቱ የቀን ማጠር ነውና። ውጤቱ ለምልሞ የሚኖር፣ ዓይኑ እዚህም እዚያም የሚፈነዳ፣ አበባ የማይሰጥ ቁጥቋጦ ነው። በዚያ ላይ ያለ እጽዋት ጤና ምስክር ወረቀትና ያለ ማስገቢያ ፈቃድ ችግኝ በሻንጣ ማስገባት አይፈቀድም፤ ለአገሩ ሰብል ሲባል ነው፣ ትክክልም ነው። ለዚያ ጓሮ ብርድ ብዙ የማይጠይቁት የፖም ዝርያዎች፣ አናና ዶርሴት ጎልደን፣ አገር ውስጥ ችግኛቸው አለ፤ እነሱን ብትገዢ ይሻላል።


እንኮይ

ከሜሪላንድ ነኝ፤ አሜሪካ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ማሳሰቢያ። ዮሐኒስቤረ እዚህ ለረጅም ዘመን በሕግ የተከለከለ ነበር። ምክንያቱ በከረንትና በነጭ ጥድ መካከል እየተመላለሰ የሚኖር ዋግ ነው፤ ከረንቱን ብዙ አይጎዳውም፣ ጥዱን ግን ይገድለዋል። የፌዴራሉ ክልከላ 1966 ላይ ተነስቷል፤ ኒው ዮርክም የራሱን 2003 ላይ አላልቷል። ዛሬም ግን የሚከለክሉ ወይም ፈቃድ የሚጠይቁ ስቴቶች አሉ። ነጩና ቀዩ ከጥቁሩ ይልቅ በዋጉ ያነሰ ይያዛሉ፤ ሕጉ ግን አንዳንድ ቦታ ሁሉንም አብሮ ይይዛል። ችግኝ ከማዘዛችሁ በፊት የስቴታችሁን የግብርና መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ሻጩ የማይልክበት ስቴት ካለ ገጹ ላይ ይጽፋል።

የእኛ በጋ ከፍራንክፈርቱ ይብሳል። ዶቅማ ያለው የምሥራቅ ፊት እዚህ ግዴታ ነው፤ ከቤቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ጥላ በሚገባበት ቦታ ትከሉት። ከሥሩ 8 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ቅጠል ይልበስ፣ ውሃውም በጠብታ ጎማ ይሁን። ኦገስት ላይ ቅጠሉ በጥቃቅን ቡኒ ነጥብ ተሞልቶ ቢረግፍ የቅጠል ሻጋታ ነው፤ የወደቀውን ሁሉ ጠርጋችሁ አውጡ፣ የሚከርመው እሱ ላይ ነው።


ቀጋ

ኮሽም፣ የደብረ ብርሃኑን ተረድቻለሁ፤ ፖሙን እጠይቃለሁ። ሁለቱ የተሻሉ ቁጥቋጦዎች ላይ ዛሬ ክር ታስሯል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባለፈው የገባው ክሎራይድ ከአፈሩ ይወጣል ወይስ መቀየር አለበት?


ዶቅማ

አይቀየርም። ክሎራይድ አፈር ላይ አይጣበቅም፤ ከውሃ ጋር ይወርዳል። የመከሩና የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል፤ ዋልካ ስለሆነ ትንሽ ቢዘገይም እስከ ማርች ይጠራል። እስከዚያ ምንም ማዳበሪያ አይጨምሩ። ማርች ላይ የቀንድ ስብርባሪውንና ፓተንትካሊውን በቅርንጫፎቹ ስፋት ልክ በትነው ላይ ላዩን በሬክ ያደባልቁት። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አዲሱን ቅጠል ዳሩን ይመልከቱት፤ ዳሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠርቷል።